«ፓይለት እሆናለሁ» ያለው ልጅ ባንክ ቤት ምን ይሠራል?

ባለፈው እሑድ ግንፍሌ እናቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ነበር። የእናቴ የዕቁብ ጓደኛም መጥተዋል። ሁለተኛውን ስኒ እንደጨረሱ የእህቴን ልጅ ጠሩት። አምስት ዓመቱ ነው።

«ማሙሽ፣ ስታድግ ምን መሆን ነው የምትፈልገው?»

ልጁ ለአፍታ እንኳ አላመነታም። «ወያላ!»

እናቴ አማተበች። «በስመ አብ! ዶክተር በል እንጂ!»

እንግዳዋ ሳቁ። የእህቴ ፊት ቀላ። ልጁ ግን ግራ ገባው። ወያላ እኮ በር ላይ ቆሞ ነው የሚሄደው። ብሩን በቁመቱ አጥፎ በጣቶቹ መሃል ይሰካል። እንደ ልቡ ይጮኻል፤ የሚቆጣው የለም። ጣሪያውን ሁለቴ ቸብ ቸብ ሲያደርግ ሾፌሩ ያቆማል። ለአምስት ዓመት ልጅ ከዚህ የሚበልጥ ሥልጣን ከየት ይመጣል?

«ዶክተር በል» የሚለው ነገር ከጆሮዬ አልወጣ አለ። እኔም እዚያው ሳሎን ውስጥ ለእንግዳ የሚሰጥ መልስ ተምሬያለሁ። የእኔ «ፓይለት» ነበር። ዛሬ ሰንጋ ተራ አካባቢ አንድ ባንክ ብድር ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ስለ አውሮፕላን ሞተር የማውቀው ነገር የለም። የሚኒባስ ሊብሬ ግን አምጡልኝ፤ ችግር ካለው አንዴ ገልጬ እነግራችኋለሁ።

መሃል ላይ ምን ተፈጠረ? ይህን ስትጠይቁት አንዱ «ኑሮ ነው ሕልሜን የቀማኝ» ይላችኋል። ሌላው «ሰነፍ ነበርኩ» ይላል። ሁለቱም ትንሽ ትንሽ እውነት አላቸው፤ ነገሩን ግን አያስረዱም። እኔ እንደሚገባኝ፣ በልጅነታችን የምንመልሰው ማዕረግ ነው። ፈተናና ምደባ የሚሰጡን ወንበር ነው። በመጨረሻ የምናገኘው ደግሞ እንጀራ ነው። እነዚህ ሦስት ነገሮች በሦስት የተለያየ መንገድ ነው የሚመጡት። እኛ አንድ አድርገን እንቆጥራቸውና አልገጥም ሲሉ ራሳችንን እንወቅሳለን። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

ማዕረግ

የአዲስ አበባ ልጅ መልስ አጭር ነው። ዶክተር፣ ኢንጂነር፣ ፓይለት። አሁን አሁን ዩቲዩበርና ቲክቶከርም ተጨምረዋል፤ እነሱ ግን ለእንግዳ አይነገሩም።

ለምን እነዚህ ሦስቱ? ደመወዛቸው ነው እንዳንል የሰባት ዓመት ልጅ ስለ ደመወዝ ምን ያውቃል። እኔ የታየኝ ሌላ ነገር ነው። ሦስቱም ከስም በፊት ይጠራሉ። «ዶክተር እከሌ» እንላለን። «ኢንጂነር እከሌ» እንላለን። ፓይለቱም «ካፒቴን» ነው። «አካውንታንት እከሌ መጡ፣ ወንበር አምጡ» ሲባል ግን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ልጅ ጆሮ አለው። የቱ ስም ሲጠራ ሰው ከመቀመጫው ብድግ እንደሚል ያያል። ከዚያ ያንን ስም ለራሱ ይወስዳል። ዶክተሩ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ምን ሲሠራ እንደሚያድር ግን አያውቅም፤ የነገረውም የለም።

ሊንዳ ጎትፍሬድሰን የሚባሉ አሜሪካዊት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጡት ጽሑፍ ስለዚህ ነገር አንድ ጥሩ ሐሳብ አቅርበዋል። ልጅ ወደ ሥራ ምርጫ የሚደርሰው እየሰረዘ ነው ይላሉ። ከ3 እስከ 5 ዓመቱ የሚያየው ትልቅነትንና ጉልበትን ነው። የእህቴ ልጅ ያለው እዚህ ጋ ነው። ከ6 እስከ 8 ዓመቱ የወንድ ሥራና የሴት ሥራ የሚባለውን ይለይና «የእኔ አይደለም» ያለውን ይሰርዛል። ከ9 እስከ 13 ባለው ጊዜ ክብር ምን እንደሆነ ይገባዋል። ዝቅ ያደርገኛል የሚለውን ይሰርዛል። አልደርስበትም የሚለውንም ይሰርዛል። «እኔ ራሴ ምን ስሠራ ነው ደስ የሚለኝ?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ከ14 ዓመት በኋላ ነው። ያኔ ደግሞ ከዝርዝሩ ውስጥ የቀረው ጥቂት ነው።

ዕድሜዎቹ የአሜሪካ ልጆች ዕድሜዎች ናቸው፤ እኛ ጋ ትንሽ ወዲያና ወዲህ ሊል ይችላል። እናቴ ለምሳሌ ዓመታት የሚፈጀውን ሥራ በአንድ «በስመ አብ» ጨርሳዋለች።

የክብር ነገር ከተነሳ አይቀር፣ የእኛ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ፋቂውና ሸክላ ሠሪዋ ለዘመናት ሲሰደቡ ነው የኖሩት። ነገሩ ከመብዛቱ የተነሳ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲታረም አዋጅ አስነግረዋል። አዋጅ የተነገረበት ነገር በአዋጅ ብቻ አይጠፋም። ከስድስት ኪሎ ሽቅብ ወደ ሽሮ ሜዳ ውጡ። ለሠርግ፣ ለጥምቀት፣ ለልደት የምንለብሰው ጥበብ እዚያ ተደርድሯል። ዋጋ እንከራከራለን፣ እንገዛለን፣ እንደምቅበታለን። ልጁን «ሸማኔ ሁንልኝ» ያለ ገዢ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

ጠባብ ዝርዝር የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ፒዛ (PISA) የሚባል ዓለም አቀፍ ጥናት አለ፤ የ15 ዓመት ተማሪዎችን በየአገሩ የሚፈትን። ኢትዮጵያ የለችበትም። በ2018ቱ ዙር 41 አገሮች ሲነጻጸሩ፣ ከወንዶቹ 47 በመቶው ከሴቶቹ ደግሞ 53 በመቶው በ30 ዓመታቸው እንሠራዋለን ያሉት ሥራ በየጾታቸው ከአሥር ሥራዎች ውስጥ አንዱ ሆኖ ተገኘ። በ2000 ቁጥሩ 38ና 49 ነበር። (ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው።) ኢንተርኔት የልጆችን ዓይን ያሰፋል ሲባል ዝርዝሩ ይበልጥ ጠበበ።

አሰራረዙ ደግሞ ሁልጊዜ በእውነት ላይ የቆመ አይደለም። የራሴን ልንገራችሁ። 13 ዓመቴ ላይ ሰሌዳው አልታይ አለኝ። አባቴ ፒያሳ ወስዶ መነጽር አሠራልኝ። ቡናማ ፍሬም ነው፤ አንዱ ጆሮው ትንሽ ይላላል። ሰፈር ስደርስ አንድ ሁለት ዓመት የሚበልጠኝ ልጅ ገና ሲያየኝ «በቃ ፓይለትነት ቀረልህ! መነጽር ያደረገ አያበርም» አለኝ። እኔም አመንኩት። የጠየቅኩት ሰው የለም። ማንን እጠይቃለሁ? በሰፈራችን አንድም ፓይለት አይኖርም። ማታውኑ የአውሮፕላን ሥዕል ያለበትን ደብተሬን ከአልጋ ሥር ከተትኩ። ከአሥራ ምናምን ዓመት በኋላ ቢሮ ቁጭ ብዬ የዓለም አቀፉን የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ ሳነብ ምን አገኘሁ? ዓይን በመነጽር ታርሞ እያንዳንዱ 6/9 (ጤነኛ ዓይን ከ9 ሜትር የሚያየውን ከ6 ሜትር)፣ ሁለቱ አብረው ደግሞ 6/6 ካዩ ያልፋል። አየር መንገዶች የራሳቸውን ሊያጠብቁ ይችላሉ፤ እሺ። እኔን ግን ያሰናበተኝ ሐኪም አይደለም፤ የሰፈር ልጅ ነው።

ወንበር

አራት ኪሎ፣ አምስት ኪሎ፣ ስድስት ኪሎ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእግር ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ልጅ ሳለሁ አባቴ በዚህ መንገድ ይዞኝ ሲያልፍ አጥሮቹን እያሳየ «እዚህ ሳይንስ ይማራሉ፣ እዚህ ኢንጂነሪንግ፣ እዚያ ሕግና ታሪክ» ይለኝ ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ካምፓሶች ማለቱ ነው። እኔም የፈለግኩት በር ላይ ወርጄ የምገባ ይመስለኝ ነበር። እንደ ታክሲ።

በሩ ላይ ወረፋ አለ፤ ውስጥ ያለው ወንበር ደግሞ ተቆጥሮ የተቀመጠ ነው። ያንግ ላይቭስ የሚባለው ጥናት እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ አዲስ አበባን ጨምሮ በኢትዮጵያ 3,000 ልጆችን እየተከታተለ ቆይቷል። ልጆቹም ወላጆቻቸውም ሲጠየቁ አብዛኞቹ ፍላጎታቸው ዩኒቨርሲቲ ነው። «የተማረ ይግደለኝ» ያለ አገር ልጅ ሌላ ምን ይላል? አሁን ደግሞ ይህን ከፈተናው ጋር አስተያዩት። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ነበሩ። የ2015ቱ 3.2 በመቶ ነው። የ2016ቱ 5.4 በመቶ። ለሌሎቹ ሬሚዲያል የሚባል የማካካሻ ትምህርት ተከፍቷል፤ እሱም ሁሉንም አይወስድም።

ያለፈውም ቢሆን የፈለገው ቦታ ላይ አይቀመጥም። የእኔ ዘመን እንዴት እንደነበር ላስረዳችሁ፤ ዛሬ 30ዎቹ ውስጥ ያላችሁ ታስታውሱታላችሁ። 10ኛ ክፍል ላይ ማትሪክ አለ፤ አሁን ቀርቷል። ከዚያ ናቹራል ወይስ ሶሻል ትመርጣላችሁ። 16 ዓመታችን ነው። ምርጫ ይባል እንጂ ጎበዝ ከሆንክ ናቹራል ነህ፤ አለቀ። ሶሻል የገባ ጎበዝ ልጅ «ምን ነካው?» ይባል ነበር። መንግሥትም ወደዚያው ነበር የሚገፋው። ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ 70 በ30 የሚባል ፖሊሲ መጣ። ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው 70 በመቶው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ደግሞ ሶሻል ሳይንስ ይማር ማለት ነው። አገሪቱ መሐንዲስ ያስፈልጋታል ተባለ። የአንድ ልጅ ዝንባሌ እዚህ ሒሳብ ውስጥ አይገባም። ሊገባም አይችልም። ዕቅዱ የሚቆጥረው ወንበር ነው።

12ኛ ጨርሰን ምርጫ ሞላን። የመጀመሪያው የእኔ ምርጫ ኢንጂነሪንግ ነበር። የመጨረሻዎቹን መስመሮች ቦታው ባዶ እንዳይቀር ብዬ ነው የሞላኋቸው። ከእነሱ መሃል ስታቲስቲክስ የሚል አለ። ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ምደባ ሲወጣ ምን ደረሰኝ መሰላችሁ? ያውም ከአዲስ አበባ አንድ ሙሉ ቀን በአውቶብስ የሚያስኬድ ቦታ። እናቴ ለጎረቤት ስትናገር ስታቲስቲክስ የሚለው ቃል አፏ ላይ አልዞር ብሏት «ከሒሳብ ጋር የተያያዘ ነው፣ ከባድ ነው» ትል ነበር። «ከባድ ነው» የሚለው ማዕረጉን እንዲተካ ነው።

አሁን አሠራሩ ተለውጧል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ፍሬሽማን ተመልሶ መጥቷል፤ ተማሪው መጀመሪያ የጋራ ትምህርት ይማርና ዲፓርትመንት የሚመርጠው በኋላ ነው። ይህ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ቢያንስ ስታቲስቲክስ ምን እንደሆነ ሳያውቅ የሚመደብ ልጅ ይቀንሳል። ሲመረቅ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ፤ በ2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በሁሉም መስክ ሲሰጥ ያለፉት 40 በመቶ ገደማ ነበሩ።

ወንበሩን ትቶ ስለ ተነሳ ሰውም ትንሽ ማለት አለብኝ። መስቀል አደባባይ አጠገብ አፍሪካ አዳራሽ አለ። ውስጡ 150 ካሬ ሜትር የሚሆን ባለቀለም የመስታወት ሥዕል ይታያል፤ የአፈወርቅ ተክሌ ሥራ ነው። አፈወርቅ እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር። ሙላቱ አስታጥቄም ወደ ዌልስ ሲላኩ ቤተሰብ ያሰበው ኢንጂነሪንግ ነው። ተመልሰው የመጡት ኢትዮ ጃዝን ይዘው ነው። «ኢንጂነር ሁን» የሚለው የአባቶቻችን ምኞት የትናንት እንዳልሆነ ከዚህ እዩት። ደግሞ አንድ ነገር ያስቀኛል። አፈወርቅ ኢንጂነር ባይሆኑም ከማዕረግ አላመለጡም። «እጅግ የተከበሩ የዓለም ሎሬት» ነበር የሚባሉት።

እነዚህን ሁለት ሰዎች እየጠቀሱ ለወጣት «ሕልምህን ተከተል» የሚሉ ሰዎች ግን ያናድዱኛል። ምሕንድስናን ትቶ ሥዕል ውስጥ የገባና ያልተሳካለት ሰው ስሙ መስታወት ላይ አይጻፍም። ስለዚህ አናየውም፤ አንቆጥረውም።

እንጀራ

ዲግሪዬን ይዤ የመጣሁት ወደ አራት ኪሎ ነው። ያኔ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ጋዜጣ ደግሞ በኪራይ ይነበባል፤ ትንሽ ሳንቲም ከፍለህ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለህ ቶሎ ቶሎ ታገላብጣለህ። አጠገብህ ያለው «ጨረስክ?» ይልሃል። እስኪሪብቶ የሌለው አድራሻውን መዳፉ ላይ በተዋሰው ይጽፋል። አሁን ይሄ ሁሉ ወደ ቴሌግራም ተዛውሯል፤ አካባቢውም በኮሪደር ልማቱ ሌላ መልክ ይዟል።

ማስታወቂያው ላይ ሁላችንም መጀመሪያ የምናየው አንድ መስመር ነው። የሥራ ልምድ። «0 ዓመት» የሚል ከሆነ እንቀጥላለን። «2 ዓመት» ካለ ልባችን ይሰበራል። ከዚያ የትምህርት መስኩን እናያለን። አንድ ቀን አንድ ባንክ ያወጣውን አነበብኩ። አካውንቲንግ፣ ማኔጅመንት፣ ኢኮኖሚክስ «እና ተዛማጅ መስኮች» ይላል። ይህቺ «ተዛማጅ» የምትባል ቃል የስንቱን ሰው ሕይወት እንዳዞረች የጻፈው ሰው አያውቅም። ስታቲስቲክስ ተዛማጅ ነው? ነው ብዬ አመለከትኩ። እነሱም ነው አሉ። ብድር ክፍል የገባሁት በዚህ ነው።

የዘለልኩት ነገር አለ። ማስታወቂያውን ያገኘሁት በራሴ አይደለም። የነገረኝ ድሮ ኳስ አብረን የምንጫወት ልጅ ነው፤ በዓመት አንዴ ብንገናኝ ነው። ታክሲ ሰልፍ ላይ አግኝቶኝ «እንትን ባንክ አውጥቷል፣ አይተሃል?» አለኝ። ማርክ ግራኖቬተር የሚባሉ የሶሲዮሎጂ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ይህንኑ አጥንተዋል። በሰው በኩል ሥራ ካገኙት ውስጥ ያንን ሰው አዘውትረው የሚያገኙት 17 በመቶ እንኳ አይሞሉም። አብዛኞቹ የሰሙት አልፎ አልፎ ከሚያገኙት ሰው ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። የቅርብ ወዳጅህ የሚያውቀው አንተ የምታውቀውን ነው። ራቅ ያለው ሰው ሌላ ሰፈር ይውላል፤ ሌላ ወሬ ይሰማል።

እኛ አገር «ሥራ ያገኘው በሰው ነው» ሲባል በዘመድ ተሰግስጎ ነው የሚመስለን። ያም አለ፤ አልክድም። ግን ብዙው እንደ እኔ ነው። ሰውየው የነገረኝ ወሬውን ብቻ ነው፤ ፈተናውን የተፈተንኩት እኔ ነኝ።

በዚህ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ የተሠራ አንድ ጥናት አለ፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሟል። ከመሃል ከተማ ርቀው የሚኖሩ ሥራ ፈላጊ ወጣቶችን ወሰዱ። ለአንዳንዶቹ መሃል ከተማ መጥተው ሥራ እንዲፈልጉ የትራንስፖርት ሰጧቸው። ለሌሎቹ ሲቪና ማመልከቻ አጻጻፍ አሠለጠኗቸው፤ ችሎታቸውንም ፈትነው የምስክር ወረቀት ሰጧቸው። በመጀመሪያ ሁለቱም የተሻለ ሥራ ለማግኘት ረዱ። ከአራት ዓመት በኋላ ሲታይ የትራንስፖርቱ ጥቅም ጠፍቷል። የሠለጠኑት ግን ገቢያቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። የታክሲ ብር ማጣት ሥራ እንደሚያስቀር እኛ በቀልድ እንናገረው ነበር። ለካ ቀልድ ብቻ አይደለም። ከታክሲው የበለጠ የሚያስቀረው ደግሞ ችሎታን ለቀጣሪ ማሳየት አለመቻል ነው።

ማዕረጉንም ወንበሩንም ያገኘው ሰውስ? አብሮኝ የተማረ አንድ ልጅ ዶክተር ሆኗል። ሰፈር ሲመጣ አሁንም ሰው ይነሳለታል። የቤት ኪራይ ሲጨምርበት የሚደውለው ግን ለእኔ ነው። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የጤና ባለሙያዎች በደመወዝ ጉዳይ ሥራ እስከማቆም መድረሳቸውን ታስታውሳላችሁ። እሱ ስለዚያ ሰሞን ማውራት አይወድም። አንድ ቀን ብቻ «እናቴ ‹ዶክተሬ› ስትለኝ ብር የምትጠይቀኝ እየመሰለኝ እደነግጣለሁ» ብሎኛል።

እኔ ሥራዬን እወደዋለሁ ወይ? ሳልዋሽ፣ ግማሽ በግማሽ። የወሩ መጨረሻ ሪፖርት ያንገሸግሸኛል። ግን አንድ ሰው ፋይሉን ይዞ መጥቶ ስለ ንግዱ ሲያወራኝ ደስ ይለኛል። የዳቦ ቤት ትርፍ በምን እንደሚወጣ፣ ሚኒባስ በስንት ጊዜ ጎማ እንደሚቀይር፣ ይሄን ሁሉ አውቃለሁ። በስምንት ዓመቴ ብትጠይቁኝ ኖሮ ይህን አልመልስም ነበር፤ እንዲህ ያለ ሥራ መኖሩን ማን ነግሮኝ?

እሑድ ዕለት እንግዳዋ ከሄዱ በኋላ የእህቴ ልጅ መጥቶ ጭኔ ላይ ተቀመጠ። አኩርፏል።

«አንተ ባንክ ምን ትሠራለህ?»

«ሰው ብር ይበደራል። እኔ ይመልሳል ወይስ አይመልስም ብዬ አያለሁ። ካልመለሰ ደውዬ ‹ክፈል› እለዋለሁ።»

ትንሽ አሰበ።

«‹ሒሳብ!› ትለዋለህ ማለት ነው?»

«አዎ። እንደዚያ ማለት ነው።»

ለመጀመሪያ ጊዜ በአድናቆት አየኝ። ከዚያ ወርዶ የሳሎኑ በር ላይ ቆመ። በሩን ሁለቴ ቸብ ቸብ አደረገው። እናቴ ረከቦቱን እያነሳች ነበር፤ በዚህኛው አላማተበችም።

«ፒያሳ አራት ኪሎ! አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!»

ተነስቼ ገባሁ።